ረዳቴ ፈቃድ ላይ ሳለች

እኛ ድሬዎች ጋ አንቱ የሚባል ነገር ብዙም አይሠራም። ቄሱንም፣ ሼኩንም፣ የቀበሌውን ሊቀመንበርም አንተ ብለን ነው የምንጨርሰው። ስለዚህ ትዕግስት የምትባል ልጅ በመጀመሪያው ቀን በስልክ «እንደምን አደሩ ጋሼ፣ ዛሬ በየትኛው ሰነድ እንጀምርልዎ?» ስትለኝ፣ «አቦ እኔን ነው ወይስ ከኋላዬ የቆመ ሰው አለ?» አልኳት።

ሳቀች። አሳሳቋ እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ትንፋሿን ትስባለች፣ ከዚያ ጭጭ ትላለች፣ ሳቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ስልኩ የተቋረጠ እየመሰለኝ «ሃሎ! ሃሎ!» እል ነበር። ከዚያ በኋላም አንቱታውን ጨርሳ አልተወችውም። «ጋሼ፣ ቁርስ በልተሃል? አልበሉም አይደል?» ትለኛለች፣ አንተና አንቱን ባንድ ትንፋሽ።

እኔ ጌታቸው እባላለሁ። የድሬ ሰው ጌች ይለኛል። ዕድሜዬን የፈጀሁት በትራንዚተርነት ነው፤ ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ በጉምሩክ በኩል የማስጨርስ ሰው ነበርኩ። ግላኮማ ዓይኔን ቀስ በቀስ ወሰደው። ሲጨልምብኝ ቢሮዬን ዘጋሁና ከዚራ ሰፈር ካለው ቤቴ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሚስቴን ከፈታሁ ቆይቻለሁ፣ ልጅም የለኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቀኝ ከተማ፣ ሰው እጄን ይዞ ሲመራኝ እንዲያየኝ አልፈለግኩም። እልኸኛ ነኝ፣ ምን አባቴ ላርግ? ከበሩ ደፍ ሳልወጣ ወራት፣ ከዚያም ዓመት አለፈኝ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ የነበረ ልጅ መጥቶ «ጌች፣ ቨርቹዋል አሲስታንት ቅጠር» አለኝ።

«ምንድነው እሱ፣ ይበላል?»

«ካለችበት ሆና በኢንተርኔት የምትሠራልህ ረዳት ናት። እሷ ታነብልሃለች፣ አንተ ትወስናለህ።»

እንዲህ ነው ትዕግስት የመጣችልኝ። መጣች ስል፣ አልመጣችም። ደብረ ብርሃን፣ ወላጆቿ ቤት፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነው የምትሠራው። የድሮ ደንበኞቼ የሚልኩትን ሰነድ ታነብልኛለች፣ እኔ ሕጉን ከነአንቀጹ በቃሌ ስለማውቀው እነግራታለሁ፣ እሷ ዲክላራሲዮኑን፣ የጉምሩኩን ቅጽ፣ ሞልታ ትልካለች። የልብ ሕመም ነበረባት፤ ጥቂት ስትራመድ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ስለዚህ ሁለታችንም ከቤት የማንወጣ ሰዎች ነበርን። እሷ ጋቢ ተከናንባ፣ እኔ በካናቴራ ቬንትሌተር ስር። «ጋሼ፣ ትንሽ ሙቀት በስልክ ላክልኝ» ትለኝ ነበር።

ቤቷን በጆሮዬ አውቀው ነበር። ነፋስ የሚያንኳኳው ቆርቆሮ፣ ሰዓቱን የማያውቅ አውራ ዶሮ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አባቷ። ሽማግሌው በበሯ ሲያልፉ ሁልጊዜ «እህም… እህህም… ጌታ ሆይ» ይላሉ። በአካል አግኝቻቸው አላውቅም፤ ሳላቸውን ግን ከገዛ አባቴ ሳል ለይቼ አውቀው ነበር።

አንድ ቀን ትዕግስት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ረዘም ያለ ፈቃድ ልጠይቅህ ነው» አለችኝ። አዲስ አበባ ላይ ለልብ ኦፕሬሽን ተራ ደርሷታል። ሲጠብቁት የኖሩት ተራ ነው። ደስ አለኝ፣ ደግሞም ሆዴ ባባ። ደስታዬን ነው የነገርኳት።

ፈቃዱን ያሰናዳችው ራሷ ናት። የምትተካትን ሰው እንኳ ራሷ መረጠች። ጎረቤቴን ፈርዶሳን በስልክ ጠየቀቻት፣ ፈተነቻት፣ አሠለጠነቻት። ፈርዶሳ የሦስት ልጆች እናት ናት፣ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ሆና ሠርታ የወጣች፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛን እንደ አማርኛው የምታቀላጥፍ ሴት። ትዕግስት ስለ እያንዳንዱ ደንበኛ በቮይስ ቀርጻ ተወችላት። «ይሄኛው ይጮኻል ግን አትፍሪው፣ ሲጨርስ ይቅርታ ይላል። ያኛዋ መጀመሪያ ስለ ልጆቿ ካልጠየቅሻት ሥራ አትጀምርም።» ስለ እኔም ቀርጻ ነበር። «ጋሼ ሲቆጣ ዝም በይው። ምሳውን መብላቱን ጠይቂው፣ በልቻለሁ ካለሽ አትመኚው።»

የመጨረሻው ቀን ላይ «ወንበርሽ ወንበርሽ ነው። ወርም ይሁን ዓመት፣ ማንም አይቀመጥበትም» አልኳት።

«ጋሼ፣ ወንበሩ እኮ እኔ ቤት ነው ያለው።»

ትንፋሿን ሳበች፣ ጭጭ አለች። ከዚያ ሳቀች።

ኦፕሬሽኑ በተደረገ ማግሥት ወንድሟ ዮናስ ደወለ። «አልቋል ጋሼ። ድካም አለባት። ለጊዜው ድምፅ እንዳታወጣ ብለዋታል።» እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። በየማለዳው ቮይስ መላክ ጀመርኩ። «ትዕግስትዬ፣ እንደምን አደርሽ። ዛሬ ደቻቱ ወንዝ ውኃ ወርዶበት ባጃጆቹ ወዲያ ማዶ ቀርተዋል። ያ የሚጮኸው ደንበኛሽ ዛሬም ጮኸ።» ይኸው ነው፣ ሌላ ቁም ነገር የለውም። ከዚያ ፈርዶሳን እጠይቃለሁ። «ሰምታዋለች?»

«ምልክቱ ሰማያዊ ሆኗል ጌች። ተሰምቷል።»

ከተሰማ ደህና ናት ማለት ነው፣ እል ነበር። ዮናስ ደውሎ ፈቃዷን እንዳራዝም ይለምነኛል፣ አራዝማለሁ። እንደገና ይደውላል፣ እንደገና አራዝማለሁ። ትልቁ ደንበኛዬ «ስንት ጊዜ ነው የምትጠብቃት? ቋሚ ሰው ቅጠርና ገላግለን» ሲለኝ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ፈርዶሳም መጋላ ሰፈር ያለ አንድ መደብር ሥራ ስለሰጣት «እኔስ ጌች፣ ቁርጤን ንገረኝ እንጂ» አለችኝ። ቁርጧን አልነገርኳትም። የትዕግስትን ቦታ ለሰው ከሰጠሁ የማትመለስ ይመስለኝ ነበር። እንዲያ ነው ያመንኩት፣ አትሳቁብኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ቤቱን ጠብሶት እኔ ፎጣ አርሼ አንገቴ ላይ ጥዬ ተቀምጬ ሳለሁ ዮናስ ደወለ።

«ጋሼ፣ ድሬ ገብተናል።»

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። «ማን? ማን ነው የገባው?»

«አባባም፣ እማማም፣ እኔም። ነገ በጠዋት ቤትህ እንመጣለን። የፈቃዷን ነገር… በስልክ ከሚሆን ብለን ነው።»

«እሷስ?»

«ነገ በጠዋት ጋሼ። ሁሉንም ነገ» ብሎ ዘጋው።

እንግዲህ እኔ ምን ልጠርጥር? አባትና እናት ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የሚመጡት ልጃቸውን ይዘው እንጂ ለምን ይመጣሉ? ሊያስደንቁኝ ነው አልኩ። እሷ ናት እንዲህ ያለ ተንኮል የምታውቀው። «ፈርዶሳ!» ብዬ ጮኽኩ። «ትዕግስት መጣች! ቤቱን እንጥረገው፣ ቬንትሌተሩን ወደ ሶፋው አዙሪው። የደጋ ልጅ ናት፣ ሙቀቱ ይጨርሳታል!»

የፈርዶሳ መጥረጊያ ወለሉን ሲፍቅ ብቻ ይሰማኛል። በኋላ እንዳወቅኩት ዮናስ ከእኔ በፊት ለእሷ ደውሎ ነበር። የደንበኛውም የትዕግስት ቤተሰብም መልእክት በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። ጎረቤት እንድትሰበስብ ለምኗታል፣ እንዳትነግረኝም አስምሏታል።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ደክሞኝ ነው።»

አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። የሥራዋ ነገር ነው የሚያስለቅሳት አልኩ። ልቤ ራራላት። «አይዞሽ ፈርዶሳ። እሷ ብትመለስም አንቺን አላባርርሽም። ለሁለታችሁም የሚሆን ሥራ አለ። ወላሂ!»

ይሄኔ መጥረጊያውን ጣለችና ወጣች። እኔ ሞኙ፣ በደስታ ነው አልኩ።

በማግሥቱ ገና የንጋቱ አዛን ሳያበቃ ታጥቤ፣ ነጩን ሸሚዜን ለብሼ፣ ጸጉሬን አበጥሬ ተቀመጥኩ። ማበጠር ከተውኩ ቆይቼ ነበር። ብዙም ሳልቆይ በሩ ተንኳኳ። የገባው ጎረቤቴ ሐጂ ዑመር ነበር፤ ከአረጋገጡ አወቅኩት።

«ሐጂ፣ ምን እግር ጣለህ በዚህ ጠዋት? የቁርስ ሽታ ስቦህ ነው?»

ሐጂ የቀልድ ዕዳ የሚያሳድር ሰው አይደለም። አንድ ስጥለው ሁለት ነው የሚመልስልኝ። ያን ቀን «እንግዳ አለህ ሲሉ ሰምቼ ነው» ብቻ ብሎ ተቀመጠ። ቀጥሎ ሌላ ገባ፣ ሌላም ገባ። ሴቶችም ገቡ። ሁሉም ጫማቸውን በቀስታ እየጎተቱ ጥግ ጥጉን ይዘው ይቀመጣሉ። ወሬ የለም። ሰፈሩ ሁሉ ትዕግስትን ሊያይ መጣ አልኩ። ስለ እሷ ስንቱን ነገር ነግሬያቸዋለሁ! ይሁን እንጂ ዝምታው ቅር አለኝ። «ምን ሆናችሁ? ሙሽራ ነው እንዴ የምትጠብቁት? ተጫወቱ እንጂ!» አልኩ። አንዲት ሴት «ያ ረቢ» አለችና አፏን በእጇ ያዘች መሰለኝ፣ ድምጿ ታፈነ።

ከደጅ ባጃጅ ቆመ። ሌላም ቆመ። ግቢው ጠጠር ላይ እግሮች መጡ። ጆሮዬን አቁሜ የእሷን ፈለግሁ። ቀስ የምትል፣ መሃል ላይ ቆማ የምትተነፍስ እግር። እንዲያ ያለ እግር አልነበረም።

ከደጃፉ ላይ ግን «እህም… እህህም…» የሚል መጣ። «ጌታ ሆይ» የሚለው ቀረ እንጂ ሳሉ ራሱ ነው።

«አባባ!» ብዬ ተነሣሁ። ዱላዬን ረሳሁት። በርጩማ አደናቅፎኝ ልወድቅ ስል ዮናስ ያዘኝ፣ አባትየውን አገኘሁና አቀፍኳቸው። ረጅም ሰው ናቸው፣ አጥንት ብቻ። «በሳልህ አወቅኩህ! ሦስት ሰው አብረው ቢስሉ እለይሃለሁ!» አልኳቸው። አንተ ማለቴን እንኳ ልብ አላልኩትም። ሽማግሌው ትከሻዬን ይዘው ተንቀጠቀጡ። ጉዞው አድክሟቸዋል አልኩ።

«እማማስ የታለች?» አልኩ። አንዲት አጭር ሴት ወደ እኔ ቀረበች። አጎንብሼ አቀፍኳትና ጉንጬ አንገቷ ላይ አረፈ።

አንገቷ ላይ ያገኘሁት ልስልሱን ነጠላ አልነበረም። ጥለቱን ነው። ሻካራው፣ ወፍራሙ ጥለት አንገቷን ዞሮት ነበር።

በእጄ ዳሰስኩት። ምናልባት በጉዞ ተጣሞ ይሆናል አልኩና እስከ ትከሻዋ ተከተልኩት። አልተጣመመም። ታች እግሯ ዘንድ መውረድ የነበረበት ጥለት ላይ ወጥቷል። ነጠላው ተዘቅዝቋል። እናቴ አባቴ የሞተ ጊዜ እንዲያ ነበር የለበሰችው። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሴትዮዋ ገና በበሩ ስትገባ ያየውን እኔ በጉንጬ አወቅኩት።

እጄን ከትከሻዋ ላይ ማንሣት አቃተኝ። «አትናገሩ» አልኩ። «እባካችሁ፣ አፈር ስሆን፣ ማንም እንዳይናገር።»

አባትየው ግን ተናገሩ። ለዚያ ነው የመጡት።

«ልጄ ጌታቸው፣ በስልክ ልንነግርህ አልሆነልንም። መርዶ በስልክ አይነገርም። አንተ ደግሞ ብቻህን ነህ፣ ብትወድቅ የሚይዝህ የለም። ቤትህ መጥተን፣ ጎረቤትህ በተሰበሰበበት እናርዳህ ብለን ነው። ትዕግስት አርፋለች።»

ሐጂ ዑመር ከኋላዬ መጥቶ ወገቤን ያዘኝ። ባይዘኝ እወድቅ ነበር። ሴቶቹ ያፈኑትን ለቀቁት፤ አንድም ቀን አይተዋት የማያውቁ የከዚራ ሴቶች ለትዕግስት አለቀሱላት። እኔ ግን አላለቀስኩም። ተናደድኩ።

«ዮናስ! የት ነህ? ድምፅ እንዳታወጣ ተብላለች አላልከኝም? መቼ ነው የሞተችው?»

«ኦፕሬሽኑ ላይ ጋሼ» አለ። «አልነቃችም።»

እስቲ አስቡት። የመጀመሪያውን ቀን ስልክ ሲደውልልኝ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ስል፣ ቀብሯት ነበር የተመለሰው። ያራዘምኩት ፈቃድ ሁሉ የሙት ነበር።

«ውሸታም! ቮይሴስ? በየቀኑ ሲሰማ የነበረው? ፈርዶሳ፣ ሰማያዊ ሆኗል አላልሽኝም? ዋሽተሽኛል?»

«አልዋሸሁህም ጌች!» አለች ፈርዶሳ እያለቀሰች። «ወላሂ ሰማያዊ ነበር። በየቀኑ ሰማያዊ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችው። ድምጿ የልጇን ይመስላል። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር።

«እኔ ነኝ የምሰማው» አለች።

እጄን ያዘችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ስልኳ ከእኔ ጋ ነው። ጠዋት ጠዋት ትልክ ነበር አይደል? ክፍሏ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ እከፍተዋለሁ። ትዕግስትዬ እንደምን አደርሽ ትላታለህ። ሰዉ ሁሉ እኔ ቤት መጥቶ ነፍስ ይማር ነው የሚለው። ነበረች፣ ነበረች ይለኛል። በዚህ ዓለም ላይ ልጄን እንደምን አደርሽ የሚላት አንተ ብቻ ቀረህ። አባቷ ይረዳ፣ መደበቁ ነውር ነው፣ ኃጢአትም ነው ይለኛል። ዮናስም ይለምነኛል። እኔ ነኝ ትንሽ ይቆይ ያልኳቸው። ፈቃድ ጨምርልን በሉት ያልኩት እኔ ነኝ። አንተ ከተረዳህ እሷ ጨርሳ መሞቷ ነው።»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ጭንቅላቴን ጉልበቷ ላይ ደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ ዓይኔ የጠፋ ቀን እንኳ አላለቀስኩም።

ቤቴ ውስጥ ድንኳን ሳይተከል ለቅሶ ተቀመጥን። ሐጂ ምንጣፍ አመጣ፣ ፈርዶሳ ሹሮውን ሠራች፣ ሰፈሩ ተራ በተራ እየመጣ «እግዜር ያጥናህ»፣ «አላህ ሰብር ይስጥህ» አለኝ። አባትየው ስለ ድሬ ሙቀት ሲያማርሩ ሐጂ «ይሄ እኮ ክረምታችን ነው» ብሎ አሳቃቸው። ከዚያ ደግሞ አብረው አለቀሱ።

አንባቢዎቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራችሁ ቤተሰቡን የምትቆጡ ትኖራላችሁ። ሰው እንዴት ያን ያህል ጊዜ ይዋሻል ትላላችሁ። እኔም ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፣ አንዳንድ ቀን ዛሬም ይቆጨኛል። ስትቀበር አልነበርኩም፣ አፈር አላለበስኳትም። ግን ደግሞ አንዲት ድምጿን ብቻ የማውቃት ልጅ ቤተሰብ፣ እርጅናና ሐዘን ሳይበግረው፣ እኔን በወጉ ለማርዳት ያን ሁሉ መንገድ መጣ። አሠሪዋ አይደል፣ መልእክት እንላክለት አላሉም። እኔ ብቻዬን ነኝ ብዬ በር ዘግቼ ስቀመጥ፣ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ቤት የእኔን መውደቅ ይፈራልኝ ነበር።

ለሰማንያ ቀኗ ተዝካር ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ከቤቴ እስከ መኪናው ፈርዶሳ እጄን ይዛ መራችኝ፤ የከዚራ ሰው ሁሉ እያየ። «ጌች ወጣ!» ሲሉ ሰማሁ። ይበሉ። ዛሬ ፈርዶሳ ቋሚ ረዳቴ ናት፣ ቁርጧን ነገርኳት። ጠዋት ጠዋት እጇን ይዤ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ እሄዳለሁ።

ደብረ ብርሃን ብርዱ አጥንት ይገባል። ተዝካሩ ካበቃ በኋላ እናትየው ወደ አንዲት ክፍል አስገባችኝና ትከሻዬን ተጭና አስቀመጠችኝ። የሚሽከረከር ወንበር ነው፣ አንዱ ክንዱ ላላ ብሏል። ልነሣ ስል አልለቀቀችኝም።

«ማንም አይቀመጥበትም ብያት ነበር» አልኩ።

«አውቃለሁ። ነግራኛለች። አንተ ተቀመጥ።»

ከላይ ቆርቆሮው ተንኳኳ። አውራ ዶሮው ያለ ሰዓቱ ጮኸ። በበሩ በኩል አባትየው «እህም… እህህም… ጌታ ሆይ» እያሉ አለፉ። ሁሉም ነገር እንደማውቀው ነበር።

እናትየው ስልኬን ከኪሴ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

«በል ንገራት» አለችኝ። «ዛሬ አልነገርካትም።»

«ምን ልበላት?»

«የሁልጊዜውን።»

የቮይሱን ቁልፍ ተጭኜ ያዝኩት። «ትዕግስትዬ፣ እንደምን አደርሽ። ወንበርሽ ላይ ተቀምጫለሁ፣ አትቆጪኝ፣ እናትሽ ናት። ምሳዬን በልቻለሁ…» አልኩና ለቀቅኩት። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እናትየው እጅ ላይ፣ የትዕግስት ስልክ ቲንግ አለ። እናትየው ከፈተችው። የገዛ ድምፄ እንደምን አደርሽ አለ፣ ምሳዬን በልቻለሁ አለ፣ አበቃ።

ሁለታችንም ጭጭ አልን። እኔ እንደ ልማዴ ሳቋን ጠበቅሁ።